በመኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የመሬት መስመር ጉድለት የሚያስከትለው አደጋና ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

በጌዴኦ ዞን ኮቸሬ ወረዳ በምትገኘው ጨለለቅቱ፣ እንደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ ከመብራት ያለፈ አገልግሎት ይሰጣል። ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያና የውሃ መሳቢያ ሞተር በመኖሪያ ቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በሱቆች ውስጥ ይሠራሉ። እነዚህ ዕቃዎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ አካላቸው በአብዛኛው ብረት ነው፤ ሰውም በሚገለገልባቸው ጊዜ በእጁ ይነካቸዋል።

በብዙ ቤቶች «ምጣዱ ትንሽ ኮረንቲ አለው፤ ጫማ ሳታደርጊ እንዳትነኪው» የሚል ማሳሰቢያ ሲነገር ይሰማል። አነጋገሩ ከመለመዱ የተነሣ ነገሩ እንደ ዕቃው ጠባይ እንጂ እንደ አደጋ ምልክት አይቆጠርም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መስመሩ በትክክል በተዘረጋበት ቤት የምጣድ ብረት ሰውን ሊነዝር አይገባም፤ ከመንዘሩ በፊት ኃይሉ ራሱ መቋረጥ አለበት። ነዝሮ ከሆነ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ጎድለዋል ማለት ነው፤ አንደኛው የዕቃው የውስጥ መከላከያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውን ሊያድን ይገባው የነበረው የመሬት መስመር ነው።

ይህ መረጃ የመሬት መስመር ምን እንደሆነ፣ በስህተት ሲሠራ ለምን ከነጭራሹ ካለመኖሩ ሊብስ እንደሚችል፣ እንዲሁም ቤት የሚሠሩ፣ የሚያከራዩና የሚከራዩ ዜጎች ከባለሙያ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ያብራራል።

የመሬት መስመር ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን በሁለት ሽቦዎች ይመላለሳል። ኃይሉን ይዞ የሚመጣው ፌዝ፣ መልሶ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚወስደው ደግሞ ኒውትራል ይባላል። አምፖል እንዲበራ፣ ምጣድም እንዲግል እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ባለሙያዎች ኧርዝ ወይም ግራውንድ የሚሉት ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለትም የመሬት መስመር፣ ዕቃው እንዲሠራ የሚያደርገው ምንም አስተዋጽኦ የለም። ብዙ ሰው ችላ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም ምጣዱ እኩል ይግላል።

የመሬት መስመር ከዕቃው ብረታማ አካል ይነሣል። በስፒናው ጎን በሚታየው የብረት ልሳን ወይም በሦስተኛው እግር በኩል ወደ ሶኬቱ ይገባል፤ በግድግዳው ውስጥ በሚያልፍ ሽቦ እስከ ዋናው ማከፋፈያ ሳጥን ይደርሳል፤ ከዚያም በመሬት ውስጥ ከተተከለ የመዳብ ወይም በመዳብ ከተለበጠ ዘንግ ጋር ይያያዛል። ይህ መንገድ ከዕቃው እስከ መሬቱ ድረስ አንድም ቦታ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት።

ሥራው የሚታየው ጉድለት ሲፈጠር ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ሙቀት የሚሰጠው ሽቦ ከሸክላው ሥር በተሠራ ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሊጥ ሲፈስበት ወይም ሽቦው ተበጥሶ ከቆርቆሮው ጋር ሲነካካ በፌዙ ያለው ኃይል ወደ ምጣዱ አካል ይሻገራል። በማቀዝቀዣ፣ በውሃ ማሞቂያና በሞተር ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት የመሬት መስመር ካለ ኃይሉ በእርሱ በኩል መንገድ ያገኛል፤ ከሌለ ግን ብረቱ ሰው እስኪነካው ድረስ 220 ቮልት ይዞ ይቆያል።

ብሬከር የሚያቋርጠው መቼ ነው?

የመሬት መስመር ተግባር ልቅ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ማፍሰስ ብቻ እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ዋናው ተግባሩ ጉድለት ሲፈጠር ብሬከሩ ወይም ሌላው መቆጣጠሪያ ወዲያውኑ እንዲያቋርጥ ማስገደድ ነው። ይህን ማድረግ ያልቻለ የመሬት መስመር ዘንግ ቢኖረውም፣ ሽቦ ቢኖረውም፣ ሥራውን አልፈጸመም።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ምጣድ በ20 አምፒር ብሬከር ላይ የተገጠመ ነው እንበል። ፌዙ ከምጣዱ አካል ጋር ሲነካካ የመሬት መስመሩ በሽቦ እስከ ኃይሉ ምንጭ የሚደርስ፣ የመንገዱም ጠቅላላ ተቃውሞ 1 ኦም ብቻ ከሆነ 220 አምፒር ያህል ይፈሳል። ይህ ብሬከሩ ከተመደበለት ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ ወዲያውኑ ያቋርጣል፤ ሰውም ለመነካት ጊዜ አያገኝም።

በአንጻሩ መንገዱ በመሬት ውስጥ በተተከለ ዘንግ ብቻ የሚያልፍ፣ ተቃውሞውም 20 ኦም ከሆነ የሚፈሰው 11 አምፒር ነው። ይህ ለ20 አምፒር ብሬከር እንደ ተራ ፍጆታ ነው፤ አያቋርጥም። የምጣዱ አካል ኃይል እንደያዘ ይቆያል። ከዚህም በላይ ቆጣሪው ወደ መሬት የሚፈሰውን ይቆጥራል፤ 11 አምፒር በ220 ቮልት 2.4 ኪሎዋት ያህል በመሆኑ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሌት ተቀን ከሶኬት ሳይነቀል ቢቆይ በ24 ሰዓት ውስጥ 58 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በከንቱ ያልፋል። ምክንያቱ ያልታወቀ የፍጆታ ሂሳብ ጭማሪ አንዳንድ ጊዜ የመሬት መስመር ጉድለት ምልክት የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ስለሆነም ዘንግ መትከል ብቻውን ቤትን ከአደጋ አያድንም። ከዘንጉ ጋር በባለሙያዎች ዘንድ አርሲዲ ወይም ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ተብሎ የሚጠራው መቆጣጠሪያ ሊኖር ይገባል። ይህ መሣሪያ በፌዝ የወጣውን ፍሰት በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራል። የጎደለው መጠን 30 ሚሊአምፒር ሲደርስ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ኃይሉን ያቋርጣል። ይሁን እንጂ አርሲዲውም ቢሆን የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። የመሬት መስመር ካለ ጉድለቱ እንደተፈጠረ፣ ሰው ሳይነካው ያቋርጣል፤ ከሌለ ግን የሚያቋርጠው ሰው ነክቶ በአካሉ በኩል ፍሰት ካለፈ በኋላ ነው።

በሰው አካል ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ብሬከር የተሠራው ሽቦ ከመጠን በላይ ግሎ እሳት እንዳያስነሣ ለመጠበቅ ነው። ሰውን ለመጉዳት የሚበቃው የኤሌክትሪክ መጠን ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። 10 ሚሊአምፒር ገደማ፣ ማለትም የአንድ አምፒር አንድ መቶኛ፣ በእጅ ሲያልፍ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሰውየው የያዘውን ብረት መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይህንኑ ሁኔታ በትክክል ይገልጻል። ከዚያ የበለጠ፣ በተለይም ከ50 ሚሊአምፒር በላይ የሆነ ፍሰት በደረት በኩል ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለፈ የልብ ምት ሊዛባና ሊቆም ይችላል።

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ለመብራት ወደ 45 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ሰውን ለሞት ሊያበቃ የሚችለው ፍሰት ትንሽ አምፖል ከሚያበራው እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ቆዳው የረጠበና በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው የአካሉ ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ 220 ቮልት በአካሉ ውስጥ 220 ሚሊአምፒር ያሳልፋል። 20 አምፒር የሚጠብቅ ብሬከር ይህን መጠን ፈጽሞ አይለየውም።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልብስ የሚያጥቡና ውሃ የሚቀዱ ሰዎች እጃቸው ሊጥና ውሃ የነካው ስለሆነ ይበልጥ ይጋለጣሉ። መሬት ላይ የሚድሁና የሚጫወቱ ሕፃናትም እንዲሁ።

በብዛት የሚታዩ የአሠራር ስህተቶች

አንደኛው ስህተት የመሬት መስመር ለስሙ ብቻ መኖሩ ነው። ሶኬቱ የኧርዝ ልሳን አለው፤ ከጀርባው ግን ምንም ሽቦ አልታሰረበትም። ወይም ሶኬቱ በትክክል ተሠርቶ ሳለ ዕቃው የተሰካው ባለ ሁለት ሽቦ ማራዘሚያ ላይ ነው። ስፒናው አልገባ ሲል ሦስተኛውን እግር መቁረጥም የሚያስከትለው ውጤት ያው ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች ቤተሰቡ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ጥበቃው ግን የለም።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን ከኧርዝ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሦስተኛ ሽቦ ከመዘርጋት ወጪ ለመዳን ያስባሉ። ኒውትራሉ ከምሰሶው፣ ከቆጣሪው ወይም ከሳጥኑ የተላቀቀ ዕለት ግን በአምፖሉና በምጣዱ በኩል ያለፈው ኃይል መመለሻ ያጣና በዚያች አጭር ሽቦ አድርጎ ወደ ዕቃዎቹ ብረት ይዞራል። ቤቱ ይጨልማል፤ ቤተሰቡም መብራት የጠፋ ይመስለዋል፤ ማቀዝቀዣው ግን 220 ቮልት ይዞ ቆሟል። በጥገና ጊዜ ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩም በቤቱ ያለው የብረት ዕቃ ሁሉ ወዲያውኑ ኃይል ይይዛል፤ ብሬከሩም አያቋርጥም። ከኧርዝ አለመኖር በኧርዝ ስም የተሠራ ስህተት ሊብስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ኒውትራልና ኧርዝ የሚገናኙበት ቦታ ካለ በኃይል አቅራቢው አሠራር መሠረት በተወሰነ አንድ ነጥብ እንጂ በሶኬት ውስጥ አይደለም።

ሦስተኛው የውሃ ቧንቧን እንደ መሬት መስመር መጠቀም ነው። ቧንቧው ከብረት ወደ ፕላስቲክ የተለወጠበት ቦታ ካለ መንገዱ እዚያ ላይ ይቋረጣል። በአንድ ቤት ምጣድ ላይ የተፈጠረ ጉድለት በግቢው ባለው የብረት ቧንቧ ተሻግሮ ምንም የማያውቀውን ጎረቤት ውሃ ሲቀዳ ሊነዝረው ይችላል።

አራተኛው ዘንጉን ማሳጠር ነው። ከግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ ወይም ረጅም ሚስማር በግድግዳው ሥር ይመታና ሽቦ ይጠመጠምበታል። ብረቱ ይዝጋል፤ በብረቱና በመዳቡ ሽቦ መካከል ያለው መያዣ ይበላል፤ ላይኛው አፈር ሲደርቅም መንገዱ ይጠፋል። በጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው መጨመር ለጊዜው ተቃውሞውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጨው በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ ዘንጉንም ቶሎ ያዝገዋል። ስለዚህ ከዘንግ ርዝመትና ከየጊዜው ምርመራ ምትክ ሊሆን አይችልም።

አምስተኛው ለምጣዱ፣ ለሞተሩና ለማቀዝቀዣው እርስ በርስ ያልተያያዘ የየራሱ ዘንግ መትከል ነው። በአንዱ ላይ ጉድለት ሲፈጠር በሁለቱ ብረቶች መካከል የቮልት ልዩነት ይኖራል፤ በአንድ እጁ ምጣዱን፣ በሌላው ማቀዝቀዣውን የነካ ሰው በመካከል መተላለፊያ ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ የመሬት መስመሮች ሁሉ በዋናው ሳጥን አንድ ላይ መያያዝ አለባቸው።

ስድስተኛው ስህተት የሚፈጸመው በፍተሻ ጊዜ ነው። አንዳንዶች በፌዝና በኧርዝ መካከል አምፖል ያገናኙና ከበራ «ኧርዙ ይሠራል» ይላሉ። አምፖል ለመብራት የሚያስፈልገው ፍሰት በጣም ትንሽ ስለሆነ ደካማ የመሬት መስመርም ሊያበራው ይችላል። መንገዱ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ በፍተሻው ጊዜ ከኧርዙ ጋር የተያያዙት ዕቃዎች ሁሉ ኃይል ይይዛሉ። ቴስተር የሚባለው ፍተሻ መፍቻም ፌዝን ከመለየት አልፎ የመሬት መስመርን ጥራት አይለካም።

የጨለለቅቱና የአካባቢዋ ሁኔታ

ጨለለቅቱ የምትገኝበት ደጋማና ወይና ደጋማ አካባቢ እንሰትና ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት፣ ዝናብ የማያጣው ምድር ነው። አፈሩ በአብዛኛው ቀይ ሸክላማ ሲሆን እርጥበትን ይዞ ይቆያል። ይህ በሁለት መልኩ ይታያል። በአንድ በኩል እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ በአግባቡ የተተከለ ዘንግ ከደረቅ አሸዋማ ቦታ ይልቅ እዚህ የተሻለ ይሠራል። በሌላ በኩል ያው እርጥበት በባዶ እግሩ የቆመን ሰው ጥሩ መተላለፊያ ያደርገዋል። የመሬት መስመር በሌለበት ቤት እርጥቡ መሬት የሚያገለግለው አደጋውን ነው።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ላይኛው አፈር ይደርቃል። በክረምት ተለክቶ ጥሩ የተባለ ዘንግ በበጋ ሊደክም ስለሚችል ልኬቱ በደረቁ ወራት ቢከናወን እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል። ዘንጉም በጋ ከክረምት እርጥበት ከማይለየው ጥልቀት እንዲደርስ ረጅም መሆን ይገባዋል።

በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው በቆርቆሮ የተከደኑ ቤቶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ልባሱ ሲላጥ ጣሪያው ሁሉ፣ ከእርሱም ጋር የዝናብ ውሃ መውረጃው፣ ኃይል ሊይዝ ይችላል። ከጣሪያው ወይም ከብረት ምሰሶ ጋር የታሰረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ይህን ኃይል ወደ ግቢው መካከል ያደርሰዋል፤ እርጥብ ልብስ የያዘ ሰውም ይነካዋል። ስለዚህ ገመዱ ከቆርቆሮ ጋር እንዳይነካካ መከላከያ ቧንቧ ውስጥ ማሳለፍ፣ የልብስ ማስጫውንም ከብረት ሽቦ ይልቅ ከፕላስቲክ ገመድ መሥራት ተገቢ ነው።

በቡና መፈልፈያና በእህል ወፍጮ ላይ የሚሠሩ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ቡና በሚታጠብበት ቦታ ውሃና ሰው ከሞተሩ አጠገብ ስለማይለዩ የሞተሩ አካል የመሬት መስመር ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ሊመረመር ይገባል።

የጋራ ቆጣሪና ከጎረቤት የሚሳብ መስመር

በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራዎች የሚጠቀሙበት ግቢ፣ ወይም ከጎረቤት በማራዘሚያ የሚሳብ መስመር፣ የመሬት መስመር ችግር የሚከማችበት ነው። የሚሳበው ገመድ በአብዛኛው ባለ ሁለት ሽቦ በመሆኑ ዋናው ቤት ጥሩ ኧርዝ ቢኖረውም ወደ ኋላ ቤቶች አይደርስም። ቀጭን ሽቦ በብዙ ምጣድ ሲጫን ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ መያዣዎቹ ይላላሉ። ኒውትራል በብዛት የሚላቀቀውም እንዲህ ባሉ ደካማ መያዣዎች ላይ ነው።

በጋራ ቆጣሪ መጠቀም ግድ የሆነባቸው ቤተሰቦች ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚሄደው ገመድ የኧርዝ ሽቦን የሚያካትት ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በዋናው ሳጥን ላይ ደግሞ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ይገጠም። የአንዱ ቤት ጉድለት የሌላውን ቤት ልጅ ሊጎዳ ስለሚችል ወጪውን በጋራ መሸፈን ፍትሐዊ ነው።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች በታዩ ጊዜ ዕቃውን ከሶኬት ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል፦

• ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማሞቂያ ወይም የውሃ ቧንቧ ሲነካ መንዘር፣ በጫማ ሲሆን የሚቀር ቢሆንም እንኳ፤
• መብራት አንዳንዴ እጅግ ደምቆ አንዳንዴ መፍዘዝ፣ ይህም የኒውትራል መላላት ምልክት ሊሆን ይችላል፤
• ዕቃ ሳይጨመር የፍጆታ ሂሳብ መጨመር፣ ወይም ዕቃዎች ሁሉ ጠፍተው ቆጣሪው መቁጠሩን መቀጠሉ፤
• ሶኬት ወይም ስፒና መጥቆር፣ መጋልና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መኖር፤
• አርሲዲው በተደጋጋሚ ማቋረጡ።

የመጨረሻውን በተመለከተ፣ አርሲዲው «ያስቸግራል» ተብሎ በተራ ብሬከር የሚተካበት ጊዜ አለ። ይህ ሊደረግ አይገባም። መሣሪያው ደጋግሞ ካቋረጠ አንድ ዕቃ ወይም ሽቦ ኃይል እያሾለከ ነው፤ መፈለግ ያለበት እርሱ ነው።

በትክክል የተሠራ የመሬት መስመር ምን ያሟላል?

ቤት የሚያሠሩ ወይም የሚያሳድሱ ዜጎች ከባለሙያው ጋር ሲዋዋሉ የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ፦

1. ከዋናው ሳጥን እስከ እያንዳንዱ ሶኬት አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የኧርዝ ሽቦ እንዲዘረጋ፤ ይህ ቀለም ለሌላ ሥራ እንዳይውል፤
2. የኧርዝ ሽቦው ውፍረት በቤት ውስጥ መስመሮች ላይ ከፌዙ ሽቦ ጋር እኩል እንዲሆን፤
3. በኧርዝ ሽቦው መንገድ ላይ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ፊውዝ ወይም ብሬከር እንዳይገባ፤
4. ዘንጉ የመዳብ ወይም በመዳብ የተለበጠ ሆኖ በቂ ርዝመት እንዲኖረው፤ ሽቦው በመጠምጠም ሳይሆን በመያዣ ቡሎን እንዲታሰር፤ መያዣውም ለምርመራ በሚከፈት ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀመጥ፤
5. የብረት የውሃ ቧንቧና ሌሎች ትላልቅ የብረት አካላት ከዋናው ኧርዝ ጋር እንዲያያዙ፤ ይህ ግን ቧንቧውን በኧርዝ ዘንግ ምትክ መጠቀም እንዳልሆነ እንዲታወቅ፤
6. 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ እንዲገጠም፤
7. የመሬቱ ተቃውሞ ለዚሁ በተሠራ መለኪያ ተለክቶ ውጤቱ በኦም ተጽፎ፣ ቀኑ ተመዝግቦ ለባለቤቱ እንዲሰጥ።

ሰባተኛው ነጥብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ የኧርዝ ሽቦ መኖር አለመኖሩ በዓይን አይታይም፤ ማስረጃ የሚሆነው ልኬት ብቻ ነው። የአንድ አርሲዲና የአንድ ዘንግ ዋጋ ከቤቱ ግንባታ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሥራው በግንባታ ጊዜ ሲከናወን ይቀላል፤ ግድግዳ አፍርሶ መጨመር ግን ውድ ይሆናል።

ነዋሪዎች በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ምርመራም አለ። በአርሲዲው ላይ ያለውን የመፈተሻ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ መጫን ይገባል፤ ሲጫን ካላቋረጠ መሣሪያው ተበላሽቷል። ዘንጉ ላይ ያለው መያዣ አለመላላቱንና አለመዛጉን በዓይን ማየት፣ የማራዘሚያ ገመዶች ባለ ሦስት ሽቦ መሆናቸውን ማረጋገጥም ይቻላል። ሳጥን መክፈት፣ ሶኬት መፍታትና ልኬት ማድረግ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

የባለቤትነት ኃላፊነትና ሕጋዊ መሠረት

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃይል እስከ ቆጣሪው ድረስ የማድረስ ኃላፊነት አለበት። ከቆጣሪው ወዲያ በቤቱ ውስጥ ያለው ዝርጋታ፣ የመሬት መስመሩን ጨምሮ፣ የንብረቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው። ቆጣሪ መግባቱ የውስጥ ዝርጋታው አስተማማኝ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ቤት የሚያከራዩ ዜጎች ለተከራዮቻቸው ደህንነት ሲባል ይህን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል፤ ተከራዮችም ቤት ሲይዙ ስለ ውሃና ስለ ኪራይ ዋጋ እንደሚጠይቁት ሁሉ ስለ መሬት መስመሩ መጠየቅ ይገባቸዋል።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኤሌክትሪክ ሥራ የሚሰማሩ ተቋራጮችና ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ይደነግጋል፤ የቁጥጥሩን ሥራ በአሁኑ ጊዜ የሚመራው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ስታንዳርድ 10 ደግሞ የሕንጻዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ሲቀጠር የብቃት ማረጋገጫውን ማየት የዜጋው መብት ሲሆን፣ እርሱን ማሳየትም የባለሙያው ግዴታ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

የተበጠሰ ሽቦ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ ብልሽት ሲያጋጥም ሳይጠጉ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል 905 በመደወል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት በመሄድ ማሳወቅ ይቻላል።

አደጋ ሲደርስ

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ተጎጂ ይፈጥራል። በቅድሚያ ኃይሉን ከዋናው ማቋረጫ ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህ በቶሎ የማይቻል ከሆነ በደረቅ ቦታ ቆሞ በደረቅ እንጨት ወይም በደረቅ ፕላስቲክ ሰውየውን ከብረቱ ማላቀቅ ይቻላል። ይህ ዘዴ ለቤት ውስጥ 220 ቮልት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከምሰሶ ለወደቀ የከፍተኛ ኃይል መስመር እንጨትም ቢሆን አይከላከልም፤ በዚያ ጊዜ ከርቀት ሆኖ ኃይሉ እንዲቋረጥ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው።

ተጎጂው ከኃይሉ ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ሥልጠና ያለው ሰው ሳይዘገይ የደረት ግፊት እርዳታ ሊጀምርለት፣ ሌላው ሰው ደግሞ ወደ ጤና ተቋም የሚወስድ ተሽከርካሪ ሊጠራለት ይገባል። በአፈር መቅበር፣ ውሃ ማፍሰስ ወይም ወተት ማጠጣት ጊዜ ከማባከን አልፎ ጉዳት ያስከትላል። ተጎጂው ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም የልብ ምት መዛባትና የውስጥ ቃጠሎ ከውጭ ላይታይ ስለሚችል በጤና ተቋም መታየት አለበት።

የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋው ለብዙ ዓመታት ነው። ዛሬ በአንድ ሶኬት ጀርባ ሳይታሰር የቀረ ሽቦ አደጋ የሚያደርሰው ምናልባት ሸክላው በተሰነጠቀበት ወይም ኒውትራሉ በተላቀቀበት በሌላ ዓመት፣ ቤቱን ባላሠራው ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በጨለለቅቱና በመላ አገሪቱ የሚኖሩ ዜጎች የሚነዝር ዕቃን እንደ ተለመደ ነገር ከመቀበል ይልቅ ዕቃውን በዕለቱ ነቅለው፣ የቤታቸውን የመሬት መስመር ብቃቱ በተረጋገጠ ባለሙያ እንዲያስለኩ ይመከራል።